ሐይቅ ዳር ቀስ በሉ

(በእግር ጉዞ ወዳጆች ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ወጥታችሁ፣ ደክሟችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ አላንዛዛም። የምናወራው ስለ ሐይቅ ነው። ከከተማ ወጣ ብለው ስላሉት፣ በእግር ስለሚዞሩት፣ ወፍና አራዊት ስለሚታይባቸው፣ ዓሣም ስለሚጠመድባቸው ሐይቆች።

መጀመሪያ አንድ ቅሬታ አለኝ። ብዙዎቻችን «ሐይቅ ጎበኘሁ» ስንል ምን አድርገን ነው? መኪናው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቆማል። በሩ ይከፈታል። ስልክ ይወጣል። «ዋው!» ይባላል። ሁለት ሦስት ፎቶ፣ አንድ ሰልፊ፣ ከዚያ ውልቅ። የታየው የሐይቁ ቀለም ነው እንጂ ሐይቁ አይደለም። ያን ሁሉ መንገድ አቧራ እየጠጡ ሄዶ ቀለም ብቻ አይቶ መመለስ ያሳዝናል።

የምላችሁ ነገር አጭር ነው። የሐይቅ ሕይወት በብዛት ያለው ዳርቻው ላይ ነው። ዳርቻው ደግሞ ለቸኮለ ሰው አይታይም። እግረኛው፣ ወፍ ተመልካቹና ዓሣ አጥማጁ ለየቅል የሆነ ነገር የሚሠሩ ይመስላቸዋል። ሦስቱም ግን ነፋሱን፣ ጥልቀቱንና ብርሃኑን ነው የሚያነቡት። አንዱን የለመደ ሰው ሌሎቹ አይከብዱትም።

ለምን ዳርቻው? በብርሃን ምክንያት። ፀሐይ እስከ ወለሉ በምትደርስበት ቦታ ተክል ሥር ይሰዳል። ተክል ካለ ነፍሳት አሉ። ነፍሳት ካሉ የዓሣ ጫጩት አለ። የዓሣ ጫጩት ካለ ወፍ አይጠፋም፤ ትልቁም ዓሣ ከጥልቁ ወደዚያ ብቅ ይላል። መሀሉ ላይ ግን ብርሃኑ ከላይ ከላዩ ያልቃል። ከዚያ በታች ጨለማ ነው።

ብርሃኑ ምን ያህል እንደሚጠልቅ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንጀሎ ሴኪ የሚባል ጣሊያናዊ ካህንና የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1865 ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ነጭ ክብ ሰሌዳ በገመድ እያወረደ የት ላይ ከዓይን እንደሚጠፋ ለካ። በቃ፣ ዘዴው ይኸው ነው። የሐይቅ ተመራማሪዎች ዛሬም ይጠቀሙበታል። ልዩነቱ አሁን የሚወርደው ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጥቁርና ነጭ የተቀባ መሆኑ ነው። አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ባለው ክሬተር ሌክ ሰሌዳው ከ30 ሜትር በላይ ወርዶም የታየበት ጊዜ አለ። ደለል በበዛበት ሐይቅ ግማሽ ሜትር ሳይሞላ ይሰወራል።

እናንተም ሞክሩት። ነጭ ሳህን በገመድ እሰሩ፣ ድንጋይ ጨምሩበት፣ ከጀልባ ላይ ሆናችሁ አውርዱት። ሳህኑ የጠፋበትን ጥልቀት በሁለት ተኩል አባዙት። ለተክል የሚበቃ ብርሃን የት ላይ እንደሚያልቅ በግምት ታገኛላችሁ። ልጆች ይህን ጨዋታ ይወዱታል። አዋቂዎችም ይወዱታል፣ አያምኑም እንጂ።

ወደ እግር ጉዞው ልግባ። ዓላማችሁ ሐይቁን መዞር እንዳይሆን። ዙሪያውን ጨርሶ መምጣት ለጉራ ጥሩ ነው፤ ለማየት ግን አይመችም። አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ዳርቻ ምረጡና ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ከምትራመዱት የምትቆሙት ይብለጥ። ወንዝ የሚገባበት ቦታ ካለ ወደዚያ አቅኑ፤ ወንዝ ምግብም ንጹሕ አየርም ይዞ ነው የሚገባው። ፊላና ደንገል የበቀለበትን አትለፉት። ወደ ውሃው ሾልኮ የገባ መሬት ካገኛችሁ ደግሞ ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ግራ ቀኙን ከአንድ ቦታ ያሳያችኋል።

ጠዋት ውጡ። ጠዋት ስል ጎህ ሲቀድ ማለቴ ነው፤ ቁርስ ተበልቶ፣ ተዘገጃጅቶ፣ ሦስት ሰዓት ላይ አይደለም። ምክንያቱ አየሩ ነው። ቀን ቀን መሬቱ ከውሃው ፈጥኖ ይሞቃል። መሬት ላይ ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ሲነሳ ከሐይቁ ቀዝቀዝ ያለ አየር መጥቶ ይተካዋል። ስለዚህ ከቀትር በኋላ ነፋስ ከሐይቁ ወደ መሬት ይነፍሳል። ውሃው ይሻክራል፣ ጀልባ ይናወጣል። ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል። በሁለቱ መካከል፣ ጎህ ሲቀድ፣ ብዙ ጊዜ ውሃው ይተኛል። ያኔ ዓሣ ብቅ ሲል የሚያወጣው ክብ ከሩቅ ይታያል። ድምፅም ከማዶ ጥርት ብሎ ይመጣል። ፀሐይዋን ከጀርባችሁ ካደረጋችሁ የወፉም ቀለም አይጠፋባችሁም።

ጭቃውን ደግሞ ችላ አትበሉ። በውሃውና በሣሩ መካከል ያለችው እርጥብ መሬት ሌሊት የሆነውን ሁሉ መዝግባ ነው የምትጠብቃችሁ። ጎንበስ በሉና ዱካውን እዩ። ጠርዙ ስለታም ከሆነ ገና አሁን የተረገጠ ነው። ጠርዙ ተፈርፍሮ ውስጡ ውሃ ከተኛበት ቆይቷል። አንዳንዴ ትል በዱካው መሀል አቋርጣ ቀጭን መስመሯን ጥላ ታልፋለች። ያ ዱካ ከትሏ በፊት የነበረ ነው ማለት ነው። ሦስት ረጃጅም ጣቶች ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ ካያችሁ ሳቢሳ ወይም ዘመዷ ናት። በጣቶቹ መካከል ስስ ቆዳ ያረፈበት ምልክት ካለ ዳክዬ ወይም ሌላ ዋናተኛ ወፍ ነው።

ሰፊ፣ ጥልቅ፣ ባለ አራት ጣት ዱካ ከሆነስ? ከውሃው እስከ ሣሩ የተረጋገጠ መንገድም ካለው? ጉማሬ ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል። ሌሊት ወጥቶ ሣር ይግጣል። ጎህ ሲቀድ በዚያው መንገድ ይመለሳል። እናንተም የምትሄዱት ጎህ ሲቀድ ነው። በእሱና በውሃው መካከል በፍጹም እንዳትቆሙ። ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ውሃው ነው፣ መንገዱ ላይ ለቆመ ሰው ደግሞ አይመለስም። አዞ ባለበት ሐይቅም ውሃው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጅ መታጠብ የለም። አዞ የሚያድነው አድብቶ ነው፤ ካያችሁት ሳይሆን ካላያችሁት ነው መፍራት ያለባችሁ። የአካባቢው ሰው «እዚህ ጋ አትሂዱ» ካላችሁ አትከራከሩ። እሺ በሉና ተመለሱ።

ዳር ላይ ብዙ የተቀመጠ ሰው ሌላም ነገር ያስተውላል። ቅድም ደረቅ የነበረ ድንጋይ አሁን ረጥቧል። ማዕበል የለም፣ ዝናብ አልዘነበም። ይህን ጉዳይ አጥብቆ የያዘ ሰው ፍራንሷ አልፎንስ ፎሬል ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ጄኔቫ ሐይቅ ዳር የተወለደ ስዊዘርላንዳዊ ነው። ዕድሜውን በአብዛኛው ያንን አንድ ሐይቅ ሲያጠና ኖረ። የሐይቅ ጥናት ራሱን የቻለ ሳይንስ ሲሆን መሥራቹ እሱ ነው ይባላል። ነፋስ ወይም የአየር ግፊት የሐይቁን ውሃ ወደ አንድ ጫፍ ይገፋዋል። ግፊቱ ሲለቀው ውሃው ሳፋ ውስጥ እንዳለ ውሃ ወዲያና ወዲህ ይላል። በጄኔቫ ሐይቅ አንዱ ምልልስ ወደ 74 ደቂቃ ይፈጃል። አስቡት፤ በፎቶ ሰዓት ለሚመጣና ለሚሄድ ሰው ይህ ፈጽሞ የለም።

ወደ ወፎቹ እንለፍ። ወፍ ማየት ያልለመዳችሁ ሰዎች ስም ፍለጋ መጽሐፍ ውስጥ አትጥፉ። ስሙ ይደርሳል። መጀመሪያ «ምን እየሠራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ወፎቹ ጥልቀቱን ራሳቸው ይነግሯችኋል። ሳቢሳ ቆማ ካያችሁ ውሃው ከእግሯ አያልፍም፤ የምትጠብቀውም የዓሣ ጫጩት አለ። ዳክዬ ጭራዋን ወደ ሰማይ አቁማ ጭንቅላቷን ከደፈቀች ወለሉ አንገቷ የሚደርስበት ቦታ ነው። ኮርሞራንት ወይም ግሪብ የሚባለው ጠላቂ የውሃ ወፍ ጥልቅ ብሎ ጠፍቶ፣ ቆይቶ ሌላ ቦታ ብቅ ካለ ውሃው ጠለቅ ያለ ነው። ነጫጭ ወፎች ከላይ እየተወረወሩ ውሃውን ከመቱ ትንንሽ ዓሦች ወደ ላይ ወጥተዋል። ምናልባትም ከሥር ትልቅ ዓሣ እያሳደዳቸው ነው። ጭራቸው ለሁለት የተሰነጠቀ ትንንሽ ወፎች ውሃውን ሊነኩ ምንም ሳይቀራቸው ከተመላለሱ ነፍሳት ከውሃው እየወጡ ነው። ነፍሳቱን የሚፈልግ ዓሣም ከታች ይኖራል።

ልምድ ያለው ዓሣ አጥማጅ መንጠቆውን ከመጣሉ በፊት ቆም ብሎ ዙሪያውን የሚያየው ለዚህ ነው። ሰነፍ እንዳይመስላችሁ፤ ካርታ እያነበበ ነው።

ኮርሞራንትን አንድ ጊዜ አተኩራችሁ እዩት። ከውሃ ወጥቶ ግንድ ላይ ክንፉን ዘርግቶ ይቆማል። ዳክዬ እንዲህ ስታደርግ አይታችሁ አታውቁም። የኮርሞራንት ላባ ላዩ ውሃ ያስገባል። ይህ ለመጥለቅ ይረዳዋል፤ በላባው መካከል የሚታመቅ አየር ስለሚያንስ ወደ ላይ አይገፋውም። ዋጋው ደግሞ ወጥቶ መድረቅ ነው። ግሪብ የባሰ ጉደኛ ነው። የገዛ ላባውን ይበላል፣ ለጫጩቶቹም ያበላል። ላባው ሆድ ውስጥ ተከማችቶ ሹል የዓሣ አጥንት እንዳይጎዳው ይከላከላል ተብሎ ይታመናል። ጫጩቶቹን ጀርባው ላይ አዝሎ ሲዋኝ ካያችሁ ቀኑ ተሳክቶላችኋል። ይህ ወፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብሪታንያ ውስጥ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ምክንያቱ የሴቶች ባርኔጣ ነው። ላባው ፋሽን ሆነና ታደነ። እ.ኤ.አ. በ1889 የላባ ንግዱን የተቃወሙ ሴቶች ማኅበር አቋቋሙ። ያ ማኅበር ዛሬ በአገሪቱ ትልቁ የወፍ ጥበቃ ድርጅት ነው።

ነጭ ፔሊካኖች ደግሞ በቡድን ያጠምዳሉ። ግማሽ ክብ ሠርተው ዓሣውን ወደ ጥልቀት የለሹ ዳር ይነዱታል። ከዚያ ሁሉም ባንድ ጊዜ አፋቸውን ይነክራሉ። ከመንቁራቸው ሥር ያለው ከረጢት ዓሣ ማጓጓዣ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም፤ መረብ ነው። ውሃውን ያፈሱና ዓሣውን ይውጣሉ።

በፔሊካን ጉዳይ የሻላና የአቢጃታ ታሪክ አይቀርም። ሁለቱ ሐይቆች ጎረቤታሞች ናቸው። ሻላ እጅግ ጥልቅ ነው፤ ከ250 ሜትር በላይ ይወርዳል። ለፔሊካን የሚሆን ዓሣ ግን እምብዛም የለውም። አቢጃታ ጥልቀት የለውም፣ ዓሣ ግን ነበረው። ፔሊካኖቹ ከአውሬ በራቀችው የሻላ ደሴት ላይ ይፈለፍሉና ለምግብ ወደ አቢጃታ ይበሩ ነበር። መኝታ እዚህ፣ ማዕድ እዚያ። ከዚያ የአቢጃታ ውሃ እየሸሸ መጣ። ወደ እሱ የሚሄደው ውሃ ለመስኖ ተወሰደ። ሶዳ አሽ የሚባለውን የኢንዱስትሪ ጨው ለማምረትም ከራሱ ከሐይቁ ውሃ ተቀዳ። ውሃው ሲያንስ ጨዉ በረታ፣ ዓሣው ተመናመነ። የሻላ ደሴት ምንም ሳትሆን የፔሊካኖቹ ኑሮ ተናጋ። ሐይቅን ለብቻው ነጥሎ ማየት የማይቻለው ለዚህ ነው።

ፍላሚንጎ ዳሩን አልብሶት ካያችሁ የማጥመጃ ዘንጋችሁን መኪና ውስጥ ተዉት። ትንሹ ፍላሚንጎ የሚወደው ጨውና ሶዳ የበዛበትን ውሃ ነው። ጭንቅላቱን ገልብጦ፣ መንቁሩን ወደ ታች ደፍቶ፣ ውሃውን እያጣራ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን አረንጓዴ ነገሮች ይበላል። ቀለሙም የሚመጣው ከዚያ ምግብ ነው። እንዲህ ዓይነት ሐይቅ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ለመንጠቆ የሚሆን ዓሣ የለም።

አሁን ወደ ዓሣው። ዓሣውን ከመፈለጋችሁ በፊት እሱ እናንተን እንዴት እንደሚያያችሁ እወቁ። ብርሃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ይታጠፋል። ስለዚህ ዓሣ ከውሃው በላይ ያለውን ዓለም በሙሉ የሚያየው 97 ዲግሪ ገደማ በምትሰፋ አንዲት ክብ መስኮት ነው። ከክቧ ውጭ የሚታየው የውሃው የውስጥ ነጸብራቅ ብቻ ነው። መስኮቷ ጠርዝ ላይ ያለ ነገር፣ ማለትም ለውሃው ወለል ዝቅ ያለ ነገር፣ ተጨፍልቆና ደብዝዞ ነው የሚታየው። ውሃው ጫፍ ላይ ተገትራችሁ ብትቆሙ ያያችኋል። ቁጭ ካላችሁ ወይም ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ካላችሁ ትሰወሩበታላችሁ።

በጎኑ ላይ ደግሞ ከጭንቅላቱ እስከ ጭራው የምትሄድ ቀጭን መስመር አለች። ዓሣ ስትይዙ አስተውሏት፤ ቅርፊቱ ላይ በተርታ የተደረደረች ነጠብጣብ ትመስላለች። የውሃን ንቅናቄ የሚያውቀው በእሷ ነው። ድንጋይ ላይ ጫማ ስትጎትቱ፣ ጀልባ ውስጥ ዕቃ ስትጥሉ ይበረግጋል። ወሬያችሁ ግን ብዙም አይደርሰውም፤ ከአየር ወደ ውሃ የሚገባው ድምፅ በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ «ዝም በሉ፣ ዓሣው ይሰማል» የሚሉ ሰዎች «እግራችሁን ሰብስቡ» ቢሉ ይሻላል። ማውራት ይቻላል። እኔማ አወራለሁ።

ቀጥሎ ውሃው። ውሃ ከሁሉ በላይ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከዚያ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም ይቀላል። በሙቅ ወራት የሞቀው ውሃ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይተኛል። መካከሉ ላይ ሙቀቱ በድንገት የሚለወጥበት ስስ ሽፋን አለ። ዋና የምትወዱ ታውቁታላችሁ፤ ደረታችሁ ሞቆት እግራችሁ ድንገት ይበርደዋል። የላይኛውና የታችኛው ውሃ ለረጅም ጊዜ ካልተቀላቀሉ የታችኛው ኦክስጅን ሊያልቅበት ይችላል። ዓሣም እዚያ አይቆይም። «ውሃው በጠለቀ ቁጥር ዓሣው ይበዛል» የሚለው አባባል እንግዲህ ብዙ ጊዜ አይሠራም።

ነፋሱም አለ። የሚነፍስበት አቅጣጫ ላይ ወዳለው ዳር የላይኛውን ሞቃት ውሃ ይገፋል። ተንሳፋፊ ምግብና ውሃ ላይ የወደቁ ነፍሳትም አብረው ይሄዳሉ። ትንሹ ዓሣ ምግቡን ይከተላል፣ ትልቁ ትንሹን። ችግሩ እዚያ ዳር ስትቆሙ ነፋሱ ፊታችሁን ይመታል፣ ክሩን መወርወርም ያታክታል። ብዙ ሰው ከነፋስ በተከለለው ዳር ተመቻችቶ ይቀመጣል። ተመቻችቶም ባዶ እጁን ይመለሳል።

ከዓሣዎቹ ሁለቱን ብቻ ላንሳ። አምባዛ ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል አለው። ኦክስጅን ባጠረው ጭቃማ ውሃ ውስጥ ሌላው ዓሣ ሲጨነቅ እሱ ወደ ላይ ብቅ ብሎ አየር ይጎርስና ይመለሳል። ድፍርስ ዳር ላይ «ቡልቅ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ እሱን ጠርጥሩ። የአባይ ቆሮሶ ሴቷ ደግሞ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። ጫጩቶቹም ከወጡ በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። አፏ የሞላ ቆሮሶ ከያዛችሁ ቶሎ ወደ ውሃው መልሷት። አንድ ዓሣ አይደለም የያዛችሁት።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። ዘንግ፣ ክር፣ ቡሽ፣ መንጠቆ፣ በቃ። ውድ ዕቃ የሚያጠምደው በአብዛኛው ሰውን ነው። አንድ ነገር ላይ ግን አጥብቄ እናገራለሁ። ክሩን ወደ ታች ለማውረድ እርሳስ የሚባለውን ከባድ ብረት አትጠቀሙ። ውሃ ወፎች ምግብ የሚፈጭላቸውን ጠጠር ሲለቅሙ የወደቀውን እርሳስ አብረው ይውጡና ይመረዛሉ። እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ዝይ መሰል ትላልቅ ነጫጭ ወፎች፣ ስዋን የሚባሉት፣ በዚህ ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 አብዛኛው የእርሳስ ማጥመጃ ክብደት እዚያ ተከለከለ። የተቆረጠ የናይለን ክርም ዳር ላይ አይጣልም። አይበሰብስም፣ የወፍ እግር ይጠፍራል። ጠቅልላችሁ ኪሳችሁ ክተቱት።

ዓሣውን የምትመልሱት ከሆነ እንደሚኖር አድርጋችሁ መልሱት። የመንጠቆውን ወደ ኋላ የሚይዝ ስለት በፒንሳ ጨፍልቁት፤ በቀላሉ ይወጣል። እጃችሁን አርጥቡ። ዓሣው ላይ ያለው ዝልግልግ ነገር ከበሽታ የሚጠብቀው ልብሱ ነው፣ ደረቅ እጅ ይገፍፈዋል። ለፎቶ ብላችሁ አየር ላይ አታቆዩት። የምትበሉት ከሆነ ደግሞ ቶሎ ግደሉት፤ አሸዋ ላይ ሲፈራገጥ ማየት አያስደስትም። ፈቃድ፣ የተዘጋ ወቅት፣ የመጠን ገደብ በየሐይቁ ይለያያል። ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ።

ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ምንም ነገር ይዛችሁ አትሂዱ። የተረፈ ማጥመጃ ዓሣ «ነፍስ ነው፣ ይኑር» ብላችሁ አትልቀቁት። ቪክቶሪያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ናይል ፐርች የሚባል ሌላ ዓሣ የሚበላ ትልቅ ዓሣ ተለቀቀበት። ለዓሣ ሀብት ተብሎ ነበር፣ ለንግዱ ጠቅሟልም። ግን በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ብዙ ትንንሽ የዓሣ ዝርያዎች ከዚያ በኋላ ጠፉ። እምቦጭም ቢሆን ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ ነው በሰው እጅ ስንቱን ሐይቅ ያለበሰው። ጫማችሁን፣ መረባችሁን፣ ጀልባችሁን እጠቡና አድርቁ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ።

ውሃው አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት ቢመስልስ? አትግቡበት፣ ውሻም አታስገቡ። ጆርጅ ፍራንሲስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1878 አውስትራሊያ ውስጥ እንዲህ ካለ ሐይቅ የጠጡ ከብቶች እንደሞቱ ጽፏል። ይህ አረንጓዴ ከየት ይመጣል? ለረጅም ጊዜ ክርክር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ተመራማሪዎች አንድ ሐይቅ ወገቡ ላይ በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉ። ቁጥሩ 226 የሚባል ትንሽ ሐይቅ ነው። ለሁለቱም ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ። ለአንዱ ብቻ ፎስፈረስ አከሉ። ያ ወገን አረንጓዴ ሆነ፣ ሌላው አልሆነም። ከአየር ላይ የተነሳው ፎቶ ከብዙ ገጽ ሪፖርት በላይ አሳመነ። ፎስፈረስ የሚመጣው ከማዳበሪያ፣ ከፍሳሽ፣ ከሳሙና ነው። ስለዚህ ሐይቅ ዳር ዕቃ ማጠብ፣ ገላን በሳሙና መታጠብ ይቅርባችሁ። ውሃውን ቀድታችሁ፣ ራቅ ብላችሁ ታጠቡ።

ቢልሃርዚያን በአንድ አፍ ልለፈው። ቀንድ አውጣ ባለበት፣ ሞቃት በሆነ፣ በተኛ ንጹሕ ውሃም ይኖራል። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ጥገኛ ቆዳን ሰርስሮ ይገባል። በብዛት የሚወጣውም ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ነው። ገብታችሁ ከነበረ ሐኪም ንገሩት፤ መድኃኒት አለው። ቀዝቃዛ ሐይቅ ላይ ደግሞ ሌላ ነው። ድንገት የወደቀ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ሳያስበው ትንፋሹን በኃይል ይስባል፣ ውሃ ይጠጣል። ዋና መቻል እዚያ ላይ አያድንም። የሕይወት አድን ጃኬት የሚያድነው የለበሰውን ነው፤ ጀልባው ውስጥ የተቀመጠ ጃኬት ማንንም አያድንም።

ከጥያቄዎቻችሁ ሁለቱን እዚህ ጽፌያቸዋለሁ።

አንዲት እህት «ልጆቼ ዝም ብለው አይቀመጡም፣ ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀችኝ። ዘንግ አትስጫቸው። ነጭ ሳፋና ትንሽ ወንፊት ይበቃቸዋል። አስተማማኝ በሆነ ጥልቀት የለሽ ዳር፣ አንቺ አጠገባቸው ሆነሽ፣ ከፊላው ሥር ጨልፊና ሳፋው ላይ ድፊው። መጀመሪያ ጭቃ ብቻ ይመስላል። ጥቂት ሲቆይ ይንቀሳቀሳል። የውሃ ተርብ ሕፃን ካገኛችሁ እድለኞች ናችሁ። እየበረረች የምታዩዋት ተርብ ከዚያ በፊት ወራትን፣ አንዳንዷም ዓመታትን ውሃ ውስጥ ኖራለች። ከአገጯ ሥር የታጠፈ መያዣ አላት። ምግብ ሲቀርባት ያን ወርውራ ትይዛለች። ልጆቹ ይህን አንዴ ካዩ የምትመለሱበትን ሰዓት አንቺ ነሽ የምትለምኚው። ሲጨርሱ ውሃውን ከነነፍሱ ከቀዳችሁበት መልሱት።

አንድ ወንድም ደግሞ «ገንዘቤ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው፤ ባይኖኩላር ልግዛ ወይስ ዘንግ?» አለኝ። ባይኖኩላር። ስምንት በአርባ ሁለት የሚል የተጻፈበትን ፈልግ። የመጀመሪያው ቁጥር የማጉላት አቅሙ ነው። ሁለተኛው የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ በሰፋ ቁጥር ጎህ ሲቀድ ባለው ደካማ ብርሃን ይሻልሃል። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ይሻላል የሚሉህ ይኖራሉ። እሱ የእጅህንም መንቀጥቀጥ አሥር እጥፍ ያጎላል። ወፎቹ የት ጋ እንደሚጠልቁ ከለየህ በኋላ ዘንጉን ከሰው ትዋሳለህ።